የጥናት ውጤትን በስላይድ የማቅረብ ዘዴ፦ ከቂሊንጦ እስከ ሳሪስ

መግቢያ

ሳሪስ በአዲስ አበባ ደቡባዊ ክፍል፣ ከመሐል ከተማ ወደ ቃሊቲና ወደ ቢሾፍቱ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ የምትገኝ፣ የፋብሪካ ሠራተኛው፣ ነጋዴው፣ ተማሪውና መንገደኛው የሚገናኙባት ሰፈር ናት። ከምኒልክ አደባባይ እስከ ቃሊቲ የሚጓዘው ቀላል ባቡር በዚሁ መንገድ ያልፋል። ከዚያ አልፎ በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ፣ ቂሊንጦ ላይ አዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ይገኛል። የአካባቢው ወንዝ፣ መንገድ፣ ፋብሪካና በመስኖ የሚለማ አትክልት ለድኅረ ምረቃ ተማሪ ሁሉም የምርምር ጥያቄ የሚያስነሡ ናቸው።

እንዲህ ባለው አካባቢ የተሠራ ጥናት ሁለት ጊዜ መቅረብ ይኖርበታል። በመጀመሪያ በዩኒቨርሲቲው አዳራሽ፣ በአማካሪው፣ በውስጥና በውጭ ፈታኞች ፊት፣ በእንግሊዝኛ ይቀርባል። ቀጥሎ ደግሞ መጠይቁን ለሞሉት፣ ከማሳቸው ናሙና ላስወሰዱት፣ ለጥያቄ ጊዜያቸውን ለሰጡት ነዋሪዎች በወረዳ አዳራሽ ወይም በእድር ስብሰባ ላይ በአማርኛ ሊቀርብ ይገባል። የመጀመሪያው ገለጻ ለምረቃ ግዴታ ስለሆነ አይቀርም፤ ሁለተኛው ግን በቀላሉ የሚዘለል ነው። ሳይዘለል ሲቀርም የፈታኞቹ ስላይድ እንዳለ ተተርጉሞ የሚቀርብ ከሆነ፣ መረጃውን የሰጠው ሕዝብ የራሱን ጉዳይ ሳይረዳ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ለሁለቱም አዳራሾች የሚሠራ አንድ መርሕ ማስረዳት ነው። መርሑም፦ ስላይድ የሚይዘው ዓይን ሊያየው የሚገባውን ብቻ ነው፤ ማብራሪያው የድምፅ ድርሻ ነው የሚል ነው። ከዚህ መርሕ ጋር በአገራችን አቅራቢዎች ዘንድ ልዩ ጥንቃቄ የሚሹ ጉዳዮች፣ ማለትም የአማርኛ ዐረፍተ ነገር አወቃቀር፣ የፊደሉ ቅርጽ፣ የዘመን አቆጣጠሩና የሙያ ቃላት ትርጉም፣ በየተራ ይታያሉ።

1. ስላይድ ሐሳብን የሚሰውርበት መንገድ

ፓወር ፖይንት የተባለው ፕሮግራም በሮበርት ጋስኪንስና በዴኒስ ኦስቲን ተሠርቶ በ1987 እ.ኤ.አ. ለማኪንቶሽ ኮምፒውተር የቀረበ ሲሆን፣ በዚያው ዓመት ማይክሮሶፍት ገዝቶታል። ፕሮግራሙ ከርዕስ በታች ነጥብ፣ ከነጥብ በታች ሌላ ንዑስ ነጥብ እየደረደሩ መጻፍን አቅልሏል። ነገር ግን መደርደር ማስረዳት አይደለም። በነጥብ የተደረደሩ ሐሳቦች አንዱ የሌላው ምክንያት ይሁን ውጤት፣ የትኛው ዋና የትኛው ተጨማሪ እንደሆነ ተመልካቹ ከስላይዱ ብቻ ለይቶ ማወቅ አይችልም።

የዚህ ጉድለት ክብደት በኮሎምቢያ የጠፈር መንኮራኩር ታሪክ ታይቷል። መንኮራኩሯ በጥር ወር 2003 እ.ኤ.አ. ስትተኮስ ከነዳጅ ታንኳ የተላቀቀ የአረፋ ቁራጭ የግራ ክንፏን መታ። መሐንዲሶች የጉዳቱን መጠን ለመገመት ባዘጋጁት ስላይድ ላይ፣ ቁራጩ ቀደም ሲል ሙከራ ከተደረገባቸው ቁራጮች እጅግ የሚበልጥ መሆኑ የተገለጸው ከታች፣ በንዑስ ነጥቦች መካከል ነበር። በየካቲት 1 ቀን 2003 እ.ኤ.አ. መንኮራኩሯ ወደ ምድር ስትመለስ ተበታትና ሰባቱም ተጓዦች ሞቱ። የአደጋው መርማሪ ቦርድ በዚያው ዓመት ባወጣው ዘገባ የኤድዋርድ ተፍቲን ትንታኔ ጠቅሶ ስላይዱን ተችቷል፤ ስላይድ የቴክኒክ ጽሑፍን ቦታ መያዙንም እንደ ችግር አንሥቷል። የአደጋው መንሥኤ የክንፉ መመታት ነው እንጂ ስላይዱ አይደለም። ሆኖም ዋናው ነገር በስላይድ ግርጌ ሲቀበር፣ ውሳኔ የሚሰጠው ሰው የሚያየውን ሳያይ እንደሚያልፍ ታሪኩ ያስተምራል።

የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሪቻርድ ሜየር ስለ መማር ባደረጋቸው ጥናቶች፣ ሰዎች ሥዕልን ከድምፅ ማብራሪያ ጋር ሲያገኙ፣ ያው ማብራሪያ በጽሑፍ ጭምር ከተደገመበት ይልቅ የተሻለ እንደሚረዱ አሳይቷል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። አድማጭ በልቡ የሚያነብበት ፍጥነትና አቅራቢው ጮክ ብሎ የሚያነብበት ፍጥነት አይገጥምም። ስለዚህ ዓይኑ አንድ መስመር፣ ጆሮው ሌላ መስመር ይከተላል፤ በመጨረሻም ሁለቱም ይዘበራረቁበታል። ስላይዱን ከላይ እስከ ታች የሚያነብ አቅራቢ አድማጩን በእጥፍ እንደረዳው ይሰማው ይሆናል፤ በተግባር ግን እያወከው ነው።

2. ከኮምፒውተሩ በፊት ወረቀት

መልካም ገለጻ የሚጀመረው ስላይድ በመክፈት አይደለም። አቅራቢው አስቀድሞ በአንድ ገጽ ወረቀት ላይ ሦስት ጥያቄዎችን መመለስ ይገባዋል፦ ጥናቱ ምን ጠየቀ? ምን አገኘ? ከተገኘው በመነሣት ማን ምን ሊያደርግ ይችላል? እያንዳንዱ መልስ በአንድ ዐረፍተ ነገር መወሰን አለበት። በአንድ ዐረፍተ ነገር ሊነገር ያልቻለ ግኝት ገና አልጠራም ማለት ነው፤ ያልጠራውንም የስላይድ ውበት አያጠራውም።

ቀጥሎ ጊዜው ይደለደላል። ለምሳሌ 20 ደቂቃ የተሰጠው አቅራቢ 2 ደቂቃ ለጥያቄው፣ 3 ደቂቃ ለአጠናን ዘዴው፣ 10 ደቂቃ ለግኝቶቹ፣ 3 ደቂቃ ለአንድምታው ሰጥቶ 2 ደቂቃ በመጠባበቂያነት ሊያስቀር ይችላል። ለዚህም ከ10 እስከ 12 ስላይድ በቂ ነው። የጥናቱን ምዕራፎች በቅደም ተከተላቸው እየተረኩ የቀደምት ጽሑፎች ቅኝት ላይ ግማሹን ሰዓት የሚያጠፉ ሰዎች፣ ራሳቸው ደክመው ያገኙትን ውጤት በሩጫ ለማለፍ ይገደዳሉ። ቅኝቱ በጥራዙ ውስጥ አለ፤ ፈታኞቹም አንብበውታል። በአዳራሹ ሊሰሙ የሚፈልጉት ተማሪው ራሱ የጨመረውን ነው።

የተቀነሰው ሁሉ ግን አይጣልም። ዝርዝር ሠንጠረዦች፣ ቀመሮችና ተጨማሪ ካርታዎች ከመጨረሻው ስላይድ በኋላ በመጠባበቂያነት ይቀመጣሉ። ጥያቄ ሲነሣ አቅራቢው ወደ ተገቢው ስላይድ ሄዶ ሊያሳይ ይችላል።

3. ርዕስ ከነግሡ

በአሜሪካ የፔንሲልቬንያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ መምህር የሆነው ማይክል አሊ ያስፋፋው ዘዴ እያንዳንዱ ስላይድ በአንድ ሙሉ ዐረፍተ ነገር እንዲመራ፣ ከሥሩም ያንን የሚያስረዳ ምስል፣ ግራፍ ወይም ካርታ እንዲኖር ያዛል። ይህ ዘዴ ለአማርኛ በተለይ ይጠቅማል። በአማርኛ ዐረፍተ ነገር ግሥ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው፤ ነገሩ ጨመረ ወይስ ቀነሰ፣ ሆነ ወይስ አልሆነ የሚታወቀው በግሡ ነው። ስለዚህ ግሥ የሌለው ርዕስ ወሬውን ጀምሮ ፍርዱን የሚያስቀር ነው።

ምሳሌ እንውሰድ። የአዲስ አበባን የሕዝብ ቆጠራ ውጤቶች የሚያሳይ ስላይድ “የሕዝብ ቁጥር ለውጥ” የሚል ርዕስ ቢኖረው፣ ለውጡ ወዴት እንደሆነ ተመልካቹ ከሠንጠረዡ ራሱ መፈለግ ይኖርበታል። “የአዲስ አበባ ሕዝብ በ23 ዓመታት ወደ እጥፍ ተጠጋ” ቢል ግን ነገሩ አለቀ፤ የቀረው ማስረጃው ነው። ማስረጃውም ሦስት ዓምዶች ብቻ ያሉት ግራፍ ነው፦ በ1976 ዓ.ም. 1.4 ሚሊዮን፣ በ1987 ዓ.ም. 2.1 ሚሊዮን፣ በ1999 ዓ.ም. 2.7 ሚሊዮን። የ1987ቱ ቆጠራ 2,112,737፣ የ1999ኙ ደግሞ 2,739,551 ሕዝብ መመዝገቡ በጥራዙ ውስጥ በሙሉ አኃዝ ይጻፋል። በአዳራሽ ኋለኛ ወንበር ላይ ለተቀመጠ ሰው ግን ከነጥብ በኋላ አንድ አኃዝ ይበቃዋል። ጥራዝ ለትክክለኛነት፣ ስላይድ ለማስጨበጥ ነው።

የንግግሩም ዐረፍተ ነገር በዚሁ ምክንያት አጭር ሊሆን ይገባል። በጽሑፍ አንባቢው ረጅሙን ዐረፍተ ነገር ተመልሶ ያነበዋል፤ አድማጭ ግን ግሡ እስኪመጣ ሁሉን በአእምሮው ተሸክሞ መጠበቅ አለበት። ሦስት “የሚል፣ የሆነና የተባለ” ከተደራረቡ በኋላ የሚመጣ ግሥ የሚያገኘው የደከመ ጆሮ ነው።

4. ፊደልና ቀለም

የአማርኛ ፊደል 33 መሠረታዊ ሆሄያት በሰባት ረድፍ ተባዝተው 231 ይሆናሉ፤ ዲቃሎቹ ሳይቆጠሩ ማለት ነው። አንዱ ረድፍ ከሌላው የሚለየው ብዙ ጊዜ በጥቂት ጭረት ነው። “ቡ” ጭረቷ በቀኝ ወገቧ፣ “ቢ” በቀኝ እግሯ ግርጌ ነው፤ “ቤ” ከግርጌዋ ቀለበት አላት፤ “ባ” ከ“በ” የምትለየው በግራ እግሯ ማጠር ነው። ፊደሉ ሲያንስ ወይም ፕሮጀክተሩ ሲደበዝዝ በመጀመሪያ የሚጠፉት እነዚህ ምልክቶች ናቸው። “ተማሩ” እና “ተማሪ” የሚለዩት በአንዲት ጭረት ከፍታ ስለሆነ፣ ጭረቷ ስትደበዝዝ ትርጉሙም አብሮ ይደበዝዛል። ስለዚህ ለእንግሊዝኛ የሚበቃ የፊደል መጠን ለአማርኛ ላይበቃ ይችላል። ከ28 ነጥብ በታች አለመውረድ፣ በጣም የደመቀ ፊደል ቀለበቶችን ሊደፍን ስለሚችልም ለርዕስ ብቻ መጠቀም ይመከራል። ቀላሉ መፈተኛ ስላይዱን በላፕቶፕ ከፍቶ፣ ሦስት ርምጃ ያህል ወደ ኋላ ሄዶ ማንበብ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ የፊደሉ ኮድ ነው። የግዕዝ ፊደል ወደ ዩኒኮድ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት የግዕዝ ፎንቶች በላቲን ፊደላት ኮድ ላይ የተተከሉ ስለነበሩ፣ በእነርሱ የተጻፈ ፋይል ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ድርድር ይሆናል። ከቀድሞ ፋይሎች ላይ ጽሑፍ የሚገለብጥ ተማሪ ዛሬም ይህ ሊገጥመው ይችላል። መፍትሔው በዩኒኮድ ፎንት፣ ለምሳሌ በናይላ፣ በአቢሲኒካ ወይም በኖቶ መጻፍ፣ ፎንቱን ከፋይሉ ጋር አያይዞ ማስቀመጥና አንድ የፒዲኤፍ ቅጂ በፍላሽ መያዝ ነው። ከገለጻው ቀን በፊት ፋይሉን በሌላ ኮምፒውተር ላይ መክፈት ደግሞ የማይታለፍ ጥንቃቄ ነው።

የግዕዝ ፊደል ትልቅና ትንሽ የሚባል ልዩነት ስለሌለው፣ አጽንዖት የሚሰጠው በሌላ መንገድ ነው። የብራና ጸሐፍት ይህን ጥንት ፈትተውታል። ጽሑፉ በጥቁር ቀለም ይጻፋል፤ አርእስትና የቅዱሳን ስም ብቻ በቀይ ይወጣል። ቀዩ ዓይን የሚስበው ጥቂት ስለሆነ ነው። ስላይድም እንዲሁ ነው፦ አንድ መደብ ቀለም፣ አንድ የጽሑፍ ቀለም፣ ለዋናው ነገር ደግሞ አንድ የአጽንዖት ቀለም። አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይን በአንድ ግራፍ መደርደር ለዓይናችን የተለመደ ቢሆንም፣ ቢጫ በነጭ መደብ ላይ ሊታይ አይችልም፤ ቀይና አረንጓዴን መለየት የሚቸግራቸው ሰዎችም አሉ። መጋረጃ የሌለው ብርሃናማ አዳራሽ ከሆነ፣ በነጭ መደብ ላይ ጥቁር ጽሑፍ ይመረጣል።

5. ዘመንና ሰዓት

በኢትዮጵያ ጥናቶች ዘንድ በዝምታ ከሚያልፉ ስሕተቶች አንዱ የዘመን አቆጣጠር መቀላቀል ነው። ከላይ የተጠቀሰው የ1999 ቆጠራ በአውሮፓውያን አቆጣጠር 2007 ነው። ስላይዱ “1999” ብሎ ቢያልፍ፣ የውጭ ፈታኙ እ.ኤ.አ. 1999 ብሎ ሊያነብበውና ግራፉን ሁሉ በስምንት ዓመት አሳስቶ ሊረዳው ይችላል፤ አኃዙ በሁለቱም አቆጣጠር የሚያስኬድ ስለሆነ ስሕተቱን የሚያነቃው ነገር የለም።

የሳሪስ ነዋሪ በየቀኑ የሚያየው ቀላል ባቡርም ለዚህ ምሳሌ ይሆናል። በሳሪስ የሚያልፈው መስመር አገልግሎት የጀመረው በመስከረም 2008 ዓ.ም.፣ ማለትም በ2015 እ.ኤ.አ. ነው። “ከ2008 ወዲህ የመንገደኛ ፍሰት” የሚል ስላይድ ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. ካልተጻፈበት፣ ግንባታው ገና ያልተጀመረበትን ዘመን የሚያመለክት ይመስላል። ሰዓትም እንዲሁ ነው። ማለዳ “12:30” ላይ ሳሪስ የተቆጠረ የታክሲ ተሳፋሪ፣ ፈታኙ በውጭው አቆጣጠር ካነበበው የቀትር ተሳፋሪ ይሆንበታል። ስለዚህ በአንድ ገለጻ ውስጥ አንድ አቆጣጠር መምረጥ፣ በእያንዳንዱ ግራፍ ላይም መጻፍ የግድ ነው። ለፈታኞች እ.ኤ.አ.፣ ለነዋሪዎች ዓ.ም. መጠቀምም አንዱን ስላይድ ለሌላው አዳራሽ እንዳለ መውሰድ የማይቻልበት ሌላ ምክንያት ነው።

6. ከፈታኙ አዳራሽ ወደ ነዋሪው አዳራሽ

ትንሹና ትልቁ አቃቂ ወንዞች ከተማዋን አቋርጠው ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ ይወርዳሉ፤ በዳርቻቸውም አትክልት በመስኖ ይለማል። አንድ ተማሪ በዚህ ውኃ የለማ አትክልት ላይ ጥናት ሠርቶ ውጤቱን ለአትክልተኞቹ ሊያቀርብ ነው እንበል። በእንግሊዝኛው ስላይድ ላይ ያለውን የሙያ ቃል “ከባድ ብረቶች” ብሎ ቢተረጉመው፣ ብዙ የብረታ ብረት ሥራ ባለበት አካባቢ አድማጩ የሚያስበው የፌሮ ብረትና ላሜራ ነው። ከእነርሱ አንዱን “እርሳስ” ሲለው ደግሞ የተማሪ መጻፊያ ይታወሰዋል። ቃሉ ትክክል ነው፤ መልእክቱ ግን አልደረሰም።

በነዋሪው አዳራሽ ቃሉ ከመምጣቱ በፊት ነገሩ መምጣት አለበት፦ በዓይን የማይታይ፣ በውኃው ውስጥ የሟሟ፣ በተክሉ ሥር ገብቶ በምግብ ወደ ሰው የሚያልፍ፣ በሰውነትም ውስጥ የሚጠራቀም ነገር እንዳለ በሥዕል ይታያል፤ ስሙ ከዚያ በኋላ ይነገራል። የስታቲስቲክስ ፈተናው ስም በዚህ አዳራሽ ቦታ የለውም። አትክልተኛው የሚጠይቀው የትኛው ተክል፣ በየትኛው የወንዙ ክፍል፣ ምን ቢደረግ ይሻላል የሚለውን ነው። እንጀራው ያለው በዚያ ማሳ ላይ ስለሆነ፣ “ውኃው የተበከለ ነው” ብሎ መውጣት ፍርሃትን እንጂ እውቀትን አይተውለትም። ጥናቱ የሚያውቀውን ያህል ብቻ፣ ከሚቻለው አማራጭ ጋር ሊነገረው ይገባል። “ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ” የሚለው ብሂል እዚህ ላይ በትክክል ይሠራል፤ ብርሌ የሚመረጠው በውስጡ ያለውን ስለሚያሳይ ነው።

7. በገለጻው ሰዓት

ልምምድ በልብ ሳይሆን በድምፅ፣ ቆሞና ሰዓት ይዞ ይደረጋል። ቢያንስ አንዱን ልምምድ ከሙያው ውጭ በሆነ ሰው፣ በጎረቤት ወይም በቤተሰብ ፊት ማድረግ ይጠቅማል። ያ ሰው ሲጨርስ “ምን ተረዱ?” ተብሎ ይጠየቅ፤ የሰጠው መልስ በወረቀቱ ላይ ከተጻፈው አንድ ዐረፍተ ነገር ጋር ካልተገናኘ፣ የሚታረመው ገለጻው ነው።

አቅራቢው ለአድማጩ እንጂ ለግድግዳው አይናገርም። ግራፍ ሲመጣ አስቀድሞ አግድሙና ቁሙ መስመር ምን እንደሚለኩ ይነገራል፤ ከዚያ የሚታየው ነገር በእጅ ይጠቆማል፤ ጥቂት ጊዜም ዝም ይባላል፤ ዓይን ለማየት ጊዜ ያስፈልገዋልና። መብራት ቢጠፋ ገለጻው አብሮ እንዳይጠፋ ሦስቱን ዋና ግራፎች በትልቅ ወረቀት አትሞ መያዝ ብልኅነት ነው።

ጥያቄ ሲቀርብ እስከ መጨረሻው ማዳመጥ፣ በአጭሩ መድገም፣ ከዚያም በቀጥታ መመለስ ይገባል። በበላ ልበልሃ ሙግት ባደገ ኅብረተሰብ ዘንድ ነገርን በአደባባይ ጠይቆና ተጠይቆ ማጥራት እንግዳ ነገር አይደለም። የልዩነቱ መሠረት ተማሪው የሚሟገተው ለመርታት ሳይሆን ግኝቱ እስከ የት እንደሚጸና ለማሳየት መሆኑ ነው። ጥናቱ ያልሸፈነውን “ይህን አላጠናሁም” ማለት ፈታኝን አያስቆጣም፤ ባልተጠናው ላይ መተማመን ግን የተጠናውንም ያስጠረጥራል። በነዋሪው አዳራሽ ደግሞ የሚጠይቁት አዛውንቶች ከሆኑ፣ በእርስዎታና በትዕግሥት መመለስ የአክብሮት ብቻ ሳይሆን የጥናት ሥነ ምግባርም ጉዳይ ነው፤ መረጃው የተገኘው ከእነርሱ ነውና።

ማጠቃለያ

ግልጽ ስላይድ የሚገኘው ከጌጥ ሳይሆን ከውሳኔ ነው። ምን በዓይን ይታይ፣ ምን በቃል ይነገር፣ ምን በጥራዙ ውስጥ ይቅር የሚለውን አቅራቢው አስቀድሞ መወሰን አለበት። ርዕሱ ከነግሡ ሲጻፍ፣ ፊደሉ ከኋላ ወንበር ሲነበብ፣ ዘመኑ ሲለይ፣ ቃሉም በአድማጩ ቋንቋ ሲፈታ፣ ያው ጥናት በቂሊንጦ አዳራሽ በፈታኞች ፊት ይጸናል፤ በሳሪስ አዳራሽም መረጃውን ለሰጡት ሰዎች ይጠቅማል። የሁለተኛውን ገለጻ ቀን ከመጀመሪያው ጋር አብሮ በጥናቱ ዕቅድ ውስጥ ማስገባት ለዚህ የመጀመሪያው ርምጃ ነው።